እያየ ዝም ስላለው የማዕዶት ሕንፃ ፋየርዎል የቀረበ ምስጋና

ለማዕዶት ሕንፃ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ሉልሰገድ ዓምደሚካኤል
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ምግብዎ የሚስማማ፣ እንቅልፍዎም የሚጥም እንዲሆን እመኛለሁ። በተለይም በመጨረሻው የተከራዮች ስብሰባ ላይ «እመቤቴ፣ ግፊቴን አያስነሱብኝ» ብለው ካስጠነቀቁኝ ወዲህ ስለ ደም ግፊትዎ ሳላስብ የዋልሁበት ቀን የለም።

እኔ በሕንፃዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ (አሳንሰሩ በሚሠራበት ቀን ማለቴ ነው) የምገኘው ጠበቃ ጽጌማርያም ካሕሳይ ነኝ። ቢሮዬ ከሚደበድቧቸው ባሎች ሸሽተው ለሚመጡ ሴቶች ያለ ክፍያ ጥብቅና ይቆማል። ይህንን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በግል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ እጅግ በክብር ተደርድረው ስለማያቸው፣ ሌላ አንድ ጨምሬ ጠረጴዛውን ማጨናነቅ ነውር ስለመሰለኝ ነው።

አስቀድሞ ምስጋና ይገባዎታል። ባለፈው ክረምት የአንደኛ ፎቁ የጉዞ ወኪል ኮምፒውተሮች በማይታወቁ ሰዎች ተቆልፈው ሥራው ሁሉ በቆመ ጊዜ፣ ክቡርነትዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ለመላው ሕንፃ የሚሆን ፋየርዎል፣ ማለትም በኢንተርኔት መስመራችን ላይ ወጪና ገቢውን የሚቆጣጠር መሣሪያ አስገዝተዋል። መሣሪያው ውድ ነው፤ አረንጓዴ መብራቶቹም ያምራሉ። በዋናው መግቢያ ላይ «ይህ ሕንፃ በዘመናዊ ፋየርዎል የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ አሰቅለዋል። ጽሑፉን ወደ እኔ የሚመጡት ሴቶች ያነቡታል። አንዷ እንዲያውም አንብባው ሽቅብ ከወጣች በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ «እዚህስ ደህና ነኝ መሰለኝ» ብላኛለች። ስለዚህች ሴት ዝቅ ብዬ እተርካለሁ። አሁን ግን በመሣሪያው አሠራር ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች በተራ ቁጥር አድርጌ በትሕትና ላቅርብ።

፩. ስለ ምርጫው። ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ መሣሪያው ከካርቶኑ በወጣ ሰሞን ተከራዮችን ሁሉ በምድር ቤቱ አዳራሽ ሰብስበው ነበር። መሣሪያውን እንዲተክል የቀጠሩት ኢንጂነር ራጉኤል ነጭ ሰሌዳ ላይ ሕንፃችንን ሥሎ፣ የኮምፒውተር ነገር ለማይገባን ሳይቀር በሚገባ አማርኛ አስረዳን።

«መሣሪያው አንድ ነው፤ የሚሠራበት ሞድ ግን ይለያያል» አለ። «አንደኛው እንደ ኬላ ነው። እያንዳንዱን ፎቅ፣ ካፌውን፣ የጥበቃ ካሜራዎቹን የየራሳቸው ሰፈር እናደርጋቸዋለን፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄድ ሁሉ በኬላው ያልፋል፣ ይጠየቃል። ሁለተኛው ዋናው በር ላይ ሳይታይ የሚቆም ነው። የማንም አድራሻ አይቀየርም፤ ከውጭ የሚመጣውን ያግዳል፤ ሕንፃው ውስጥ እርስ በርስ የሚደረገውን ግን አያገኘውም። ሦስተኛው ማዳመጥ ብቻ ነው። የሚመላለሰው ነገር ሁሉ ግልባጩ ይደርሰዋል፤ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያሳውቃል። መንገዱ ላይ ስላልቆመ ግን ማንንም ማስቆም አይችልም።»

ከዚያም ምክሩን ሰጠ። «ለእናንተ የሚበጀው ኬላው ነው። ዛሬ ካፌው ገብቶ ነፃ ዋይፋይ የከፈተ ሰው፣ በመስመሩ በኩል ከሦስተኛ ፎቅ ቢሮም ከካሜራዎቹም ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆጠራል።»

«ሥራ ያቋርጣል?» ብለው ጠየቁት።

«አንድ ቅዳሜ መስመሩ በሙሉ ይቋረጣል፤ የሁሉም አድራሻ ይቀየራል።»

«ቅዳሜ የካፌው ገበያ ነው» አሉ፤ ካፌው የክቡርነትዎ ነውና ጭንቀትዎ ይገባኛል። ቀጥለውም እኔ እስካሁን የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቁ። «ከሦስቱ ማንንም የማያስቸግረው የትኛው ነው?»

ኢንጂነሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ አየ። «ማዳመጡ ማንንም አያስቸግርም» አለ።

«በቃ፣ እሱ ይሁን!»

እጄን አውጥቼ «ክፉ ሰው ሲገባ ቢያይ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይመዘግበዋል» አለ ኢንጂነሩ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ክቡርነትዎም ሳቁ። ራጉኤል ብቻ አልሳቀም። «ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንኳ ክፋት የለውም፤ ምን እንደሚመላለስ አጥንተንበት ወደ ኬላው እንዛወራለን» ሲል አከለ፤ እርስዎም ራስዎን ነቅንቀው ተስማሙ። ሳምንታቱ አልፈው ወራት ተተኩ። መሣሪያው እስከ ዛሬ እያጠናን ነው። እንዲህ ያለ ትጉህ ተማሪ አይቼ አላውቅም።

፪. ስለ ዳናይት። ስሟ ዳናይት አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን እንዲህ ልጥራት። ሹሩባ ሠሪ ናት። ባሏ የመኪና ዕቃ ነጋዴ፣ ሰው ፊት ቃሉ የለሰለሰ፣ ቤት ሲገባ ግን በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የሚከት ሰው ነበር። መቆለፉን በረሳበት ቀን አምልጣ እኔ ዘንድ መጣች። የፍቺ ክስ ከፈትን፤ እሷም ባሏ በማያውቀው ሰፈር፣ በማያውቀው ፀጉር ቤት ሥራ ጀመረች። ከሳምንት ሳምንት ትከሻዋ ቀና ሲል፣ ሳቋ ሲመለስ አየሁ።

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ የቢሮዬን አድራሻ ስለያዘ ባልየው እኛን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። በቸርችል ጎዳና በኩል፣ ዋናው በር ፊት ለፊት፣ እጁን ኪሱ ከትቶ መቆም ጀመረ። ምንም አይናገርም። ወጪና ገቢውን ያያል፤ ታክሲ ጠባቂ ይመስላል፤ ታክሲው መጥቶ ሲሄድ እሱ አይሄድም። የሕንፃዎ ጥበቃዎች በነገርኋቸው ጊዜ ሁሉ በትሕትናም በቁጣም አባረውልኛል፤ ለእነሱ ያለኝ ምስጋና ምንም ቅኔ የለበትም።

ከዳናይት ጋር መላ መታን። በተለያየ ሰዓት፣ ከሰው ጋር ተቀላቅላ በፊት በር ትገባለች፤ ስትወጣ አንድ ቀን በፊት በር፣ ሌላ ቀን ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር በሚያወርደው በጓሮው ደረጃ ትሄዳለች። መንገድ ላይ የቆመ አንድ ሰው ሁለት በር መጠበቅ አይችልም።

ከዚያ ሰውየው መምጣቱን ተወ። አንድ ሳምንት አላየነውም፤ በሚቀጥለውም አላየነውም። «ሰልችቶት ይሆናል» አለችኝ ዳናይት፤ «ሌላ አግብቶም ይሆናል፤ እሷን እግዜር ይርዳት።» ደስ አለን። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ደስታችን ነው፤ ለካ ሰውየው አልሄደም ነበር፤ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

፫. ስለ ካፌዎ። ማኪያቶው ግሩም ነው። ዋይፋዩም ፈጣን ነው፤ የይለፍ ቃሉም በባንኮኒው ላይ በትልቁ ተጽፏል። አስተናጋጇ የሺ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ እያለቀሰች የነገረችኝን ቃል በቃል አሰፍራለሁ።

«ጨዋ ሰው ነው፤ ጉርሻ ይሰጣል። ሁሌ ጥግ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ይቀመጣል። ፊልም የሚያይ ነበር የመሰለኝ። አንድ ቀን ማኪያቶውን ሳስቀምጥ አየሁበት፤ ኮሪደር ነው። ሰው የሌለበት ባዶ ኮሪደር። ‹ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፊልም ነው?› ብዬ ሳቅሁ። ‹ገና አልጀመረም› አለኝ።»

ኮሪደሩ የሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ነው። የቢሮዬ በር፣ ከበሩ በስተቀኝ ወደ ፊት ለፊቱ ደረጃ፣ በስተግራ ወደ ጓሮው ደረጃ የሚያስኬደው መንገድ፣ ሁሉም በአንድ ካሜራ ይታያል። ካሜራውን ለደኅንነታችን ያስተከሉት ክቡርነትዎ ነዎት። የይለፍ ቃሉን ፋብሪካው ሲልከው እንደነበረ ስለተዉት፣ ሰውየው መስበር አላስፈለገውም፤ ከፈተው።

፬. ስለዚያ ቀን። ካፊያ ነበር። ዳናይት ለችሎቱ የምትሰጠውን ቃል ከእኔ ጋር አጥንታ ጨርሳ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ፀጉሬን አየችና «ከችሎቱ በፊት እኔ ጋ ይምጡ እንጂ እትዬ ጽጌ፤ እንዲህ ሆነው ዳኛ ፊት ከቀረቡ እኔ ነኝ የምሸነፈው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። «በየት ልውጣ?» አለች። «በጓሮ» አልኋት። ወጣች፤ ወደ ግራ ታጠፈች። ታች፣ ካፌው ጥግ ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ ተዘጋ።

የጓሮው ደረጃ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ጠበቃት።

ያደረገውን ሁሉ አልጽፍም። የቀኝ እጇን ደረጃው ላይ አድርጎ በጫማው እንደረገጠው ግን እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም እጇን የመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ምን ሠርታ እንደምትበላ ያውቃል። ጩኸቷን እኔ አልሰማሁም፤ መስኮቴ በቸርችል በኩል ነው፤ ከታች የመኪና ጡሩምባ ብቻ ይሰማል። የሰሙት ከደረጃው በታች ያሰጡትን ልብስ ከካፊያው ሲሰበስቡ የነበሩ የእሪ በከንቱ ሴቶች ናቸው። የሰፈሩን ስም ያወጣው ሰው ጩኸት ከንቱ ነው ብሎ ያምን ነበር መሰለኝ፤ የዚያን ቀን ግን ያገኙትን ይዘው፣ አንዷ ዘነዘና፣ አንዷ ባልዲ፣ እሪ እያሉ ደረጃውን ወጡበት። ሰውየው ሸሸ፤ ዳናይት ተረፈች። እነዚያ ሴቶች መብራት የሚያበራ መሣሪያ የላቸውም፤ ምን እየተደረገ እንዳለም አስቀድመው አላወቁም። ሲያዩ ግን ጮኹ። ይህ ምን ዓይነት ሞድ እንደሚባል ኢንጂነሩን አልጠየቅሁትም።

፭. ስለ መሣሪያው ትጋት። በማግስቱ ኢንጂነር ራጉኤልን ለምኜ የመሣሪያውን መቆጣጠሪያ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። ስክሪኑን ከፍቶ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋልኝና ራሱ ቆመ። ሁሉም ነገር እዚያ ነበር። ከካፌው ዋይፋይ የተነሳ አንድ ላፕቶፕ የሕንፃውን ካሜራዎች አንድ በአንድ ሲያንኳኳ፤ የሦስተኛውን ፎቅ ሲያገኝ፤ ሌሎቹን ትቶ እሱ ላይ ሲረጋ። ዳናይት ቢሮዬ በነበረችባቸው ቀናት ሁሉ ረግቶ ቆይቷል። መሣሪያው አንዱንም አላለፈውም፤ በእያንዳንዱ ፊት በቀይ «ከፍተኛ አደጋ» ብሎ ጽፏል። ከጎኑ «የተወሰደ እርምጃ» የሚል ረድፍ አለ። ቁልቁል ብወርድ፣ ብወርድ፣ ያው ነው፤ ምንም፣ ምንም፣ ምንም።

«ቢያንስ ለሰው አይናገርም?» አልሁት።

«ይናገራል። ማስጠንቀቂያውን በኢሜይል ይልካል።»

«ለማን?»

«ለአቶ ሉልሰገድ ነበር። በዛብኝ፣ ሌላ ሥራዬን ሸፈነብኝ ሲሉኝ ወደማይከፈት ፋይል እንዲገባ አደረግሁት። ኬላው ይሻላል ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ሥራዬን ፈራሁ።»

ለካ እሱም በማዳመጥ ሞድ ላይ ነበር።

፮. ስለ ደብዳቤዎ። ማመልከቻዎቼን ቢያቆዩም አንድ ጊዜ መልስ ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። «መሣሪያው በተመረጠለት ሞድ መሠረት ሥራውን በአግባቡ ማከናወኑን አረጋግጠናል፤ የመዘገበውም ለፍርድ ቤት ጠቃሚ ማስረጃ ሆኗል፤ የሞድ ለውጡ ከበዓላቱ በኋላ በኮሚቴ ይታያል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። በአግባቡ አከናውኗል። ማስረጃውም ጠቅሟል፤ መርማሪው አመስግኖ ተቀብሎታል፤ ሰውየውም ተይዞ፣ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ሳለ በዋስ ተለቋል። ማስረጃ ግን የሚያገለግለው ለሆነ ነገር ነው። እኔ የምለምንዎ እንዳይሆን ነበር።

ከዋሱ በኋላ ዳናይት ደወለችልኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። «እትዬ ጽጌ፣ በእርስዎ ላይ ቂም የለኝም» አለችኝ። «ክሱን ግን እተዋለሁ። ለዳኛ ልናገር ብል እንኳ መጀመሪያ የት ተቀምጬ ላውራዎት? ያ ሕንፃ ያየኛል።» ጣቶቿ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት። «ሦስቱ አይታጠፉም» አለች፤ «በግራዬ እለማመዳለሁ።» በማግስቱ ቁጥሯ አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ትሁን፣ ወጥታ ትሂድ፣ አላውቅም። ባለማወቄም ደስ ይለኛል፤ ከእኔ ዘንድ ማንም ሊያገኘው አይችልምና።

ሰውየውስ? ባለፈው ማክሰኞ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቼ ወደ ቢሮ ስወርድ ከካፌዎ ሲወጣ ተገናኘን። ላፕቶፑ በብብቱ ነበር። በሩን ያዘልኝና «እንደምን አደሩ፣ ጠበቃ» አለኝ። እጅግ ጨዋ ነው። እኔም መልሼ ሰላምታ ሰጠሁት፤ ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ የቢሮዬን በር ከውስጥ ቆለፍሁ። እሷ የለች፤ ክሱ የለ፤ ታዲያ አሁን ማንን ነው የሚያየው?

ቢሮዬ የሕንፃውን መስመር ቆርጦ ወጥቷል። ሴቶቹን የማነጋግራቸው ዋይፋይም ካሜራም በሌለበት ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። የሕንፃው ሌሎች ተከራዮች ግን፣ የሁለተኛ ፎቁ የሕፃናት ሐኪምና የአራተኛ ፎቁ ሒሳብ አዋቂ ጭምር፣ አሁንም ከዚያው ጥግ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አያውቁም። መሣሪያዎ ግን ያውቃል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ማዳመጡን አልናቅሁትም፤ አዲስ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የግቢውን ድምፅ ማጥናቱ ተገቢ ነው። በር ላይ ሳይታይ የሚቆመውም አድራሻው ሊነካ ለማይችል፣ ውስጡ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ለሆነ ድርጅት ይበጅ ይሆናል። የማይተዋወቁ ሰዎች ተደራርበው ለሚኖሩበት፣ ታች ማንም ገብቶ ለሚቀመጥበት፣ ላይ ደግሞ ነፍሳቸውን ይዘው የሸሹ ለሚወጡበት ሕንፃ ግን ኬላ ያስፈልጋል። የካሜራዎቹም የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ይቀየር። የሚጠይቀው አንድ ቅዳሜ ነው። የዚያን ቅዳሜ የካፌዎን ማኪያቶ በሙሉ ገዝቼ ለእሪ በከንቱ ሴቶች ለመጋበዝ በዚህ ደብዳቤ ቃል እገባለሁ።

ሥልጣንዎ የጸና፣ ስክሪንዎ አረንጓዴ፣ ኮሚቴዎም ረጅም ዕድሜ ያለው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ውሌ እስኪያበቃ በዓይንዎ ሥር የምገኝ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ዝቅ ብዬ የማቀርብ ተከራይዎ፣

ጠበቃ ጽጌማርያም ካሕሳይ
ማዕዶት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ

የተረሳ ነገር፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ከጨረስሁ በኋላ ኢንጂነር ራጉኤል ደወለልኝ። ክቡርነትዎ ከቢሮዎ ሆነው የመኖሪያ ቤትዎን ግቢ የሚያዩበት ካሜራ ፍጥረቱም የይለፍ ቃሉም ከኮሪደሩ ካሜራ ጋር አንድ ኖሯል፤ የሚመላለሰውም በዚሁ በጋራ መስመራችን ላይ ነው። ከካፌው ጥግ ያለው ላፕቶፕ ከማክሰኞ ወዲህ የሚያየው እሱን ነው፤ መሣሪያውም እንደ ልማዱ በቀይ ጽፎታል። ስልክዎን ደጋግሜ ብሞክር ስላላነሱ ለባለቤትዎ ደወልሁ። ነገሬን እንኳ አላስጨረሱኝም፤ ስልኩን ሳይዘጉ ወጥተው ካሜራውን ከነገመዱ ሲነቅሉት ሰማሁ። ሥራ ያቋርጣል ወይ ብለው አልጠየቁኝም።